ዝናና አማና

ሰው በአንድ ነገር ስሙ ሲጠራ ሌላውንም ሁሉ ያውቅልናል ብለን የመጠበቅ ጠባይ አለብን። ነጋዴው ስለ ትምህርት እንዲያስተምረን መድረክ እንለቅለታለን፤ ዘፋኙን ስለ አገር ጉዳይ እንጠይቀዋለን። ከሁሉ በላይ ግን በእግሩ ሮጦ ወይም ኳስ አንከባሎ አገሩን ያስጠራውን ስፖርተኛ «ምነው እንዲህ ያለ ሰው በመራን» ብለን እንመኛለን። ምኞቱ የእኛ ብቻ አይደለም። በአንድ ዓመት ብቻ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ሁለት ስመ ጥር ስፖርተኞች የሁለት አገሮችን ከፍተኛ ሥልጣን ጨብጠዋል። በጃንዋሪ ወር የ1995 የዓለም ኮከብ ተጫዋች የነበረው ጆርጅ ዊሃ የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። በኦገስት ደግሞ ፓኪስታንን በ1992 ለክሪኬት የዓለም ዋንጫ ያበቃው አምበል ኢምራን ኻን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ዊሃ በ2023 ምርጫ ተሸንፎ፣ ሽንፈቱንም በጸጋ ተቀብሎ ወንበሩን ለቀቀ። ኢምራን ኻን ግን በ2022 በፓርላማ ድምፅ ከሥልጣን ተነሥቶ በ2023 እስር ቤት ገባ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ዝና ለሥልጣን በቂ ማስረጃ ነውን? ዝነኛው ሰውስ ሕዝብ ስለወደደው ብቻ ሥልጣን ልያዝ ማለቱ ተገቢ ነውን? እኛስ አማናን የሚያህል ከባድ ነገር በፍቅር ብቻ ለሰው ብናስረክብ በአላህ (ሱ.ወ.) ዘንድ አንጠየቅምን? ነገሩ የስፖርት ገጽ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የእያንዳንዳችን ጉዳይ ነው እላለሁ። ለምን እንደምል ከጽሑፉ መጨረሻ ግልጽ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከሩቅ አገር ይልቅ ከሸዋ ደጋ ልጀምር። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1932 የተወለደው በዚያው በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ነው። የገበሬ ልጅ ነበር፤ ኋላም የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨረሰ። በ1964 ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ቆይቶ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ደገመው። ከእርሱ በፊት የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው አልነበረም።

ይህ ሰው ሥልጣን አልጠየቀም። ፖለቲካ ግን ሳይጠራት መጣችበት። ከሮም ድል ሦስት ወር ያህል እንዳለፈ የራሱ የክብር ዘበኛ አዛዦች የታኅሣሡን መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። አበበ በቀጥታ አልተሳተፈም፤ ሆኖም ተይዞ ተጠይቆ ነው የተለቀቀው። ዓለም ያጨበጨበለት ስም ከጥርጣሬ አላዳነውም ማለት ነው። በመጋቢት ወር 1969 ደግሞ ሸኖ አካባቢ በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እነዚያ ዓለም ያደነቃቸው እግሮች ዳግመኛ አልቆሙም። አበበ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1973 በ41 ዓመቱ አረፈ።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዐድባእ የምትባል ማንም የማይቀድማት ግመል እንደነበረቻቸው ቡኻሪ ዘግበዋል። አንድ ቀን አንድ የገጠር ሰው በግልገል ግመሉ መጥቶ ቀደማት። ነገሩ ሶሓቦችን ከነከናቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህ ዓለም ከፍ ያለን ነገር ሁሉ ዝቅ ማድረግ የአላህ ሐቅ መሆኑን አስረዷቸው። በግመል እሽቅድምድም የተሰጠው ይህ ትምህርት ለዝና ሁሉ ይሠራል። የሩጫ ዝና ስለ ሩጫ ይመሰክራል፤ የሚመሰክረውም ስለዚያች ቀን ሩጫ ነው። ከዚያ አልፎ ስለ ፍርድ፣ ስለ በጀት፣ ስለ ትዕግሥት፣ ሰውን ስለማስተዳደር ቃሉን እንዲሰጥ ማድረግ ምስክሩን ያላየውን እንዲናገር ማስገደድ ነው።

ይህን ምስክር ለራሳቸው ጥቅም የሚያስገድዱት ደግሞ ብዙ ጊዜ ገዢዎች ናቸው። ያማረ ስም የሌለው ሥልጣን ያማረ ስም ይዋሳል። አበበ በ1968 ሜክሲኮ ላይ አቋርጦ ሲወጣ ወርቁን ለኢትዮጵያ ያስገኘው ማሞ ወልዴ ነበር። በደርግ ዘመን ማሞ የቀበሌ ኃላፊነት ላይ ተቀመጠ። የቀበሌ ወንበር በዚያ ዘመን ምን ዓይነት ወንበር እንደነበር የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። መንግሥት ሲለወጥ በቀይ ሽብር ጊዜ ከተፈጸመ የአንድ ወጣት ግድያ ጋር በተያያዘ ተከሶ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታሰረ። እርሱ በስፍራው ከመገኘት በቀር በግድያው እጄ የለበትም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በ2002 የስድስት ዓመት እስራት ሲፈርድበት፣ ከዚያ በላይ ታስሮ ስለነበር ተለቀቀ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶም አረፈ። በእርሱ ላይ እኔ ዛሬ ዳግመኛ ፍርድ አልሰጥም፤ ፍርድ የአላህ ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፤ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር መሮጥ እንዲህ ላለው ወንበር ማንንም አያዘጋጅም። ወንበሩን የሚሰጠውም ሯጩን ስላከበረ ላይሆን ይችላል።

ታዲያ ሰው ለኃላፊነት የሚመረጠው በምን ነው? መልሱን ከመጻሕፍት በፊት ከመንዝ ገበሬ ልጠይቅ። መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ሰፊ የደጋ ሣር መሬት አለ። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ይሆናል፤ በድርቅ ጊዜ የከብት ነፍስ ማቆያ ነው። የአካባቢው ሰዎች ከአሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ይህን ሣር በራሳቸው ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ተጠቃሚዎቹ ተሰብስበው የሚያስማማቸውን አለቃ ይመርጣሉ፤ አለቃውም መሬቱ ለዓመታት እንዳይነካ ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስና ችግር ሲመጣ ይከፍታል። ደንብ ያፈረሰ ይቀጣል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ከመጣው የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ፤ ሣሩም ያለ ጠባቂ ሲቀር ተጎዳ። በኋላ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቁሞ ጓሳ ዛሬም በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ስፍራ ነው።

እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ዋናው ጥያቄ «ማን ጎበዝ ነው?» የሚል አይደለም፤ «ማን ሣራችንን ይጠብቅልናል?» የሚል ነው። መንዝ ጀግና አጥቶ አያውቅም። ነገር ግን የጀግናው ከብት ራብቶት ሳለ ከተዘጋው ሣር እንዳይገባ የሚከለክል ሰው መሆን፣ ያ ከብት የገዛ ወንድሙ ከብት ቢሆን እንኳ መቅጣት ሌላ ዓይነት ጉብዝና ነው። የምርጫው መለኪያ ከሥራው ውስጥ ይወጣል እንጂ ከጭብጨባ አይመጣም።

ቁርኣንም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። በሱረቱል በቀራህ የእስራኤል ልጆች ንጉሥ እንዲሾምላቸው ነቢያቸውን ጠየቁ። አላህም ጧሉትን ሾመላቸው። እነርሱ ግን ሀብት የለውም፣ እኛ እንሻላለን ብለው ተቃወሙ። የተሰጣቸው መልስ አላህ እንደመረጠውና በዕውቀትም በሰውነትም ስፋትን እንደጨመረለት የሚገልጽ ነበር። ይህን አንቀጽ (2፡247) ልብ ብሎ ያነበበ ሁለት ትምህርት ያገኛል። አንደኛ፣ የሰውነት ብርታት አልተናቀም፤ የድሃ ልጅ መሆንም ነውር አልተደረገም። የተነቀፉት በሀብታቸው የተመኩት ናቸው። ስለዚህ «ሯጭ ምን ያውቃል» ብሎ የጃቶን የገበሬ ልጅ የሚንቅ ሰው ከእነዚያ ተቃዋሚዎች ጎን ቆሟል። ሁለተኛ፣ ሰውነት ብቻውን አልተጠቀሰም። ዕውቀት አብሮት ተጠቀሰ፤ ቀድሞም ተጠቀሰ።

ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ደግሞ ሥልጣን ራሳቸው ጠይቀዋል። ይህን ይዘው ሥልጣን መጠየቅ ምንም ችግር የለበትም የሚሉ አሉ። ግን እንዴት እንደጠየቁ እንይ። ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በመልካቸው ውበት በምስር የታወቁ ነበሩ፤ ሴቶች ባዩዋቸው ጊዜ እጃቸውን እስከመቁረጥ ደርሰዋል። ሕልም በመፍታትም ንጉሡ ዘንድ ስማቸው ገንኗል። ይሁን እንጂ በንጉሡ ፊት ሲቆሙ መልካቸውን አላነሱም። የጠየቁት በስሙ የታወቀ አንድ ሥራ ነው፤ የአገሪቱን ግምጃ ቤቶች። ያቀረቡትም ምክንያት ሁለት ነው፤ ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውን (12፡55)። ዝናቸውን እቤት ትተው ችሎታቸውን ይዘው ገቡ ማለት ይቻላል።

በሌላ በኩል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዐብዱረሕማን ኢብን ሰሙራን (ረ.ዐ.) ሹመት እንዳይጠይቅ መክረውታል፤ ጠይቆ ያገኘው ለራሱ እንደሚተውና ሳይጠይቅ የተሰጠው ግን እንደሚታገዝ ነግረውታል። ይህንም ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሹመት በጠየቁ ጊዜ ደግሞ ደካማ መሆናቸውን፣ ሹመትም አማና መሆኑን፣ በሐቁ ካልያዙት በቂያማ ቀን ውርደትና ጸጸት እንደሚሆን ነገሯቸው። አቡ ዘር እኮ በእውነተኛነታቸውና በዱንያ ንቀታቸው ወደር ያልነበራቸው ሶሓባ ናቸው! የተጣራ ሰው መሆን እንኳ ብቻውን ለሹመት ካልበቃ፣ ፈጣን ሯጭ መሆን እንዴት ሊበቃ ነው?

ከዚህ አንፃር የአገራችንን ስፖርተኞች ስንመዝን ሁሉንም በአንድ ላይ መጣል ፍትሕ አይሆንም። አቶ ይድነቃቸው ተሰማን እንውሰድ። ለብዙ ዓመታት የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ፤ በ1962 ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኝ ነበሩ። ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስኪያርፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በዘር የተከፋፈለ ቡድን ልላክ ትል የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ከአህጉሩ ውድድር ተወግዳ እንድትቆይ ከታገሉት ግንባር ቀደሙ ናቸው። ይህ ከፖለቲካም ከበድ ያለ ፖለቲካ ነው። ነገር ግን ከሜዳ በቀጥታ ወደ ወንበር አልዘለሉም። ኮንፌዴሬሽኑ በ1957 ከተመሠረተ ጀምሮ አብረውት አድገው፣ ደንብ ማርቀቅን፣ ስብሰባ መምራትን፣ መከራከርን ተምረው ነው ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የመሪነቱን ቦታ የያዙት። ሁለተኛውን ሙያ እንደ መጀመሪያው በላብ አግኝተውታል።

አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የዚህ ጥያቄ ሌላው ገጽታ ነው። በአትላንታና በሲድኒ በአሥር ሺህ ሜትር ወርቅ አጥልቋል፤ በንግድም ለብዙ ሰው እንጀራ ከፍቷል። በ2013 ፓርላማ ለመግባት እንደሚፈልግ ተናግሮ ነበር፤ ኋላ ሐሳቡን ተወው። ሐሳብን መተው ራሱ ሊመሰገን የሚገባው ነገር ነው። በኖቬምበር 2016 የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ከአትሌቶች ተቃውሞ ሲሰማ በፈቃዱ ለቀቀ። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለስፖርቱ ሰዎች እተዋለሁ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ሩጫን በዓለም ላይ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው እንኳ ሯጮችን ማስተዳደር ሌላ ሥራ ሆኖ አገኘው። ሩጫ ውስጥ ተቃዋሚህን ጥለኸው ትሄዳለህ። በአስተዳደር ውስጥ ተቃዋሚህን ይዘኸው ትሄዳለህ።

«ታዲያ ፖለቲከኞቹ ምን ተሻሉ? ስፖርተኛው ቢያንስ እንጀራውን በላቡ የበላ፣ እጁ ያልቆሸሸ ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። ክርክሩ ዋዛ አይደለም። ለልጅነቱ ዘመን ድካምና ዲሲፕሊን ዋጋ መስጠት ይገባል። አሜሪካዊውን ቢል ብራድሌይን የሚያስታውስ ሰውም ይህን ክርክር ያጠናክራል። ብራድሌይ የኒውዮርክ የቅርጫት ኳስ ቡድን ተጫዋች ሆኖ በ1970 እና በ1973 ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያም ከ1979 እስከ 1997 ድረስ አሥራ ስምንት ዓመት በሴኔት አገለገለ። ነገር ግን ብራድሌይ ኳስ ከመጫወቱ ጎን ለጎን በፕሪንስተንና በኦክስፎርድ ተምሯል። ሴኔት ያቆየው ኳሱ አልነበረም። ኳሱ በር ከፈተለት፤ ቤቱ ውስጥ ያኖረው ግን ሌላ ነው። በ2000 ለፕሬዚዳንትነት የፓርቲውን እጩነት ፈልጎ ሲሸነፍም ዝናው አላዳነውም። የፖለቲከኞች መበላሸት ስፖርተኛን ብቁ አያደርገውም። ሐኪሙ ሰነፍ ነው ብለን ልጃችንን ለአናጢ አናሳክምም።

የዝናን አደጋ ከሁሉ ቀድመው ያስተዋሉት ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ይመስሉኛል። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ.) ሽንፈት የማያውቁ የጦር መሪ ነበሩ። ዑመር ከአዛዥነት አነሷቸው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት ምክንያቱ ቂም ወይም ክህደት ሳይሆን ሰዎች ድሉን ከአላህ ሳይሆን ከኻሊድ እንዳያዩ መስጋታቸው ነበር። የሚያስደንቀው የዑመር ውሳኔ ብቻ አይደለም። ኻሊድም ሠራዊት ሳይከፍሉ፣ ሳያምፁ በአቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ሥር ሆነው መዋጋታቸውን ቀጠሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ብርቱ ማለት ታግሎ የሚጥል ሳይሆን በቁጣው ጊዜ ራሱን የሚገዛ መሆኑን ማስተማራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ኻሊድ በዚያች ቀን ከየትኛውም ጦርነታቸው በላይ ብርቱ ነበሩ ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ታዲያ ዝነኛ ሰው ዝናውን ምን ያድርገው? ይቅበረው? አይደለም። ዝና የአላህ ስጦታ ከሆነ ይጠየቅበታል። ከወንበር ውጭም ሰፊ ሥራ አለ። መርሐቤቴ ዓለም ከተማ የሄደ ሰው እናት ሆስፒታልን ያያል። ሆስፒታሉን የሠራው ድርጅት መሥራች ካርልሃይንዝ በም የሚባል በአውሮፓ የታወቀ የፊልም ተዋናይ ነበር፤ በፊልም የንጉሥ ሚና ተጫውቶ ነው ስሙ የገነነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርቦ ተመልካቹ ለተራቡት የአፍሪካ ሰዎች ጥቂት ሳንቲም እንዲያዋጣ ተማጸነ፤ በዚያው ዓመት «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ሥራውን በሐረርጌ ጀምሮ ወደ መርሐቤቴ አደረሰ። ሃይማኖታችን አንድ አይደለም፤ መልካም ሥራን መመስከር ግን ፍትሕ ነው። ይህ ሰው ዝናውን ሕዝብ ለመግዛት ሳይሆን ለሕዝብ ለመለመን ተጠቀመበት። የዝና ጉልበት ሰው እንዲሰማህ ማድረግ ነው፤ እርሱም የጠየቀው መሰማትን ብቻ ነበር።

በ1996 ደግሞ አሜሪካዊው ሙስሊም የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማሕሙድ ዐብዱረኡፍ ለብሔራዊ መዝሙር አልቆምም በማለቱ ከአንድ ጨዋታ ታገደ፤ ኋላም ቆሞ አንገቱን ደፍቶ ዱዓ ለማድረግ ተስማማ። በአቋሙ የማይስማማ ይኖራል። ነገር ግን ስሙን ለኅሊናው እንጂ ለወንበር አላወጣውም። ኅሊናውም ዋጋ አስከፍሎታል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልግባ፤ መጀመሪያ ላይ የእያንዳንዳችን ጉዳይ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። እኛ ሙስሊሞች የምናጨበጭበው ለሯጭ ብቻ አይደለም። ድሮ በካሴት፣ ዛሬ በስልክ የምንሰማቸው ድምፃቸው ያማረ ቃሪኦች፣ አንደበታቸው የሰላ ዳዒዎች አሉን። አላህ ይጠብቃቸው፤ ብዙ ወጣት በእነርሱ ሰበብ ወደ መስጂድ ተመልሷል። በ2004 ዓ.ም. የተነሣው የሙስሊሙ ሰላማዊ እንቅስቃሴ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሳይሆን በመስጂድ ይሁን የሚል ነበር። ለዚያ ጥያቄ ብዙ ሰው ዋጋ ከፍሏል፤ ታስሯል። በ2012 ዓ.ም. መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። መስጂድ ውስጥ የመምረጥ መብት በዚህ ሁሉ ድካም የሚጠየቅ ነገር ከሆነ፣ መስጂድ ውስጥ ቆመን ማንን እንደምንመርጥ ማሰብስ እንዴት ይቀራል?

የኹጥባው ማማር የሐጅ ተጓዦችን ገንዘብ የመጠበቅ ማስረጃ አይሆንም። ቁርኣንን በሰባቱ ቂራአት መቅራት ታላቅ ጸጋ ነው፤ የወቅፍ ንብረት መዝገብ መመርመር ግን ሌላ ዕውቀት ይፈልጋል። በመስጂድ ኮሚቴ፣ በመድረሳ ቦርድ፣ በዕድር ጭምር የሚታየው ችግር ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው መምረጣችን አይደለም። ደግ ሰው ለማይችለው ሥራ መምረጣችን ነው። ከዚያም ሥራው ሲበላሽ ያን ደግ ሰው እናማዋለን። ሁለት ጊዜ በደልነው ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ስንሾመው፣ አንድ ጊዜ ስናዋርደው። በእርሱ ምትክ ሊሠራ ይችል የነበረው፣ ስሙ ያልተጠራው የሒሳብ ባለሙያ ወይም ቸርቻሪ ደግሞ ሦስተኛው ተበዳይ ነው።

ቁርኣን አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ ያዝዘናል (4፡58)። በሱረቱል ቀሶስ ደግሞ የመድየኑ ሽማግሌ ልጅ ስለ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ለአባቷ ስትናገር ለሥራ ከሚቀጠር ሁሉ በላጩ ብርቱውና ታማኙ መሆኑን ገልጻለች (28፡26)። ሙሳ ሲያጠጡ አይታቸዋለች፤ የመሰከረችላቸው ስለዚያው ስለምትፈልጋቸው ሥራ ነው። ብርታት በየሥራው ይለያያል፤ የጦር ብርታት ሌላ፣ የፍርድ ብርታት ሌላ፣ የግምጃ ቤት ብርታት ሌላ ነው። ታማኝነት ግን በሁሉም ላይ አንድ ነው። ድምፃችንን ከመስጠታችን በፊት እነዚህን ሁለት ነገሮች ስለ ሰውየው ብንጠይቅ፣ በዚያው ሥራ ላይ ወይም በሚቀራረበው ምን እንደሠራ ብንመረምር፣ ከራሳችን ፍቅር ይልቅ የሥራውን ባሕርይ ብናስቀድም ግዴታችንን ከመወጣት አንድ እርምጃ ቀርበናል።

ለዝነኞቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ሕዝብ ቢጠራችሁ እንኳ «ለዚህ አልበቃም» ማለት ሽንፈት አይደለም። ሥራውን ተምራችሁ፣ ከታች ጀምራችሁ፣ ሰው በዝናችሁ ሳይሆን በሥራችሁ የሚያውቃችሁ ጊዜ ሲመጣ ግን ኃላፊነቱን አትሽሹ። ለእኛም ለአጨብጫቢዎቹ ማስታወስ የሚገባን፣ በቂያማ ቀን ተጠያቂው ሹሙ ብቻ አለመሆኑን ነው። የሾመውም ይጠየቃል። አላህ አማናን ለባለቤቱ ከሚያደርሱት ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።